የሼም ሊቅ

ዱካሞ ዲፕስሉት በሚባል የሰው አገር ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጠንቅቆ አወቀ፤ «ሼም»። አገር ቤት ሳለ ሼም ማለት ኀፍረት ብቻ ይመስለው ነበር። እዚህ ግን ሕፃን ሲያዩ «ሼም!» ይላሉ፤ ሲያምር ማለታቸው ነው። ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ሲያዩም «ሼም!» ነው፤ አይዞህ ለማለት። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያገባ፣ ዳቦ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሼም። ዱካሞ ዘጠኝ ትርጉም ቆጥሮ፣ አዲስ የመጣ የአገሩን ሰው ባገኘ ቁጥር ያስተምራል።

«ዘጠኙንም አውቀህ አንዱ እንኳ አልያዘህም» ትለዋለች ሚስቱ እልፍነሽ።

ኮሮና ገብቶ ከተማው ሲዘጋ ፖሊሶች መጥተው ፈቃድ የለህም ብለው ሱቁን አሸጉት። ለፈቃዱ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የማማ ኖምሳ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እስከ ዓርብ ካልተገኘ ሱቁ አይከፈትም፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

«ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይሂድ» አለ ዱካሞ፣ ማስኩን እያስተካከለ።

ማማ ኖምሳ በሯ ላይ ቆማ አነጋገረችው። ዓይኗ አብጧል።

«እህቴን ትናንት ቀበርናት» አለችው።

«ሼም!» አለ ዱካሞ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ግን ሊቅ ዝም አይልም። «ይኼኛው የሐዘኑ ነው፤ ለሕፃን ከሚባለው ይለያል…» እያለ አራተኛው ትርጉም ላይ ሲደርስ የብረቱ በር ድው ብሎ ተዘጋ።

እልፍነሽ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ለቅሶ ቤት ሄደህ አስተማርክ? ቁጭ እንኳ ሳትል?»

«መሰብሰብ ክልክል ነው እኮ!»

«አንድ ሰው መቼ ነው ስብሰባ የሆነው?»

ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ባዶ የለስላሳ ሣጥን አንጠልጥላ ሄደች። ከማማ ኖምሳ በር ማዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። የምታውቀው እንግሊዝኛ የዕቃ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ምንም አልተናገረችም። ማማ ኖምሳ ሁለት ጊዜ በመስኮት አየቻት። በሦስተኛው ወንበር ይዛ ወጣች፤ ከአጥሩ ወዲያ ተቀምጣ ስለ እህቷ በአገሯ ቋንቋ በዙሉ ማውራት ጀመረች። እልፍነሽ ግማሹ እንኳ አልገባትም፤ ለሁሉም ግን አለቀሰች።

ዓርብ ደብዳቤው ደረሰ። ዱካሞ ከላይ እስከ ታች ስሙን ፈለገ። የሱቁ ባለቤት ተብላ የተጻፈችው እልፍነሽ ናት።

«አርሚው ልበላት?»

«ሂዳ! በሩን ታውቀዋለህ።»

አልሄደም። ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ ፖሊስ መጥቶ ባለሱቁን ሲጠይቅ፣ ዱካሞ የዱቄት ከረጢት እንደተሸከመ ወደ ጓዳ ዞሮ «እልፍነሽ!» ብሎ ይጣራል።