ጆሮ የተለጠፈበት ስዊች

እናታችን ቤት ካሜራ ልናስገጥም ነውና፣ የካሜራዎቹን ገመድ ሁሉ ሰብስቦ በዚያው ገመድ ኤሌክትሪክ የሚያድላቸውን የኔትወርክ ስዊች ልንገዛ ከእህቴ ጋር ወጣን። እኔ እንደሆነ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ባለሱቁ ትልቁን ሲያወጣ "በቃ፣ ጠቅልልልን!" አልኩት።

እህቴ ግን "እስኪ መጀመሪያ ሰካው" አለችው። ሰካው። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ለጠፈችበት።

"ምነው፣ ልቡ ይመታ እንደሆነ ነው?" አልኳት። ባለሱቁ ሳቁን ዋጠ።

"ማራገቢያው ይጮኻል። የምናስቀምጠው እኮ እማዬ አልጋ አጠገብ ነው።"

"ለእንቅልፏ ከሆነ አታስቢ፣ እሷ አንዴ ከተኛች መድፍ ቢተኮስም አትነቃም!"

"ስለ እንቅልፍ ማን አወራ?" አለችና ያሉትን ሁሉ እያሰካች አዳመጠች። እኔ ቆሜ በገንኩ። በመጨረሻ ማራገቢያ የሌለውን፣ ለካሜራዎቻችን የሚበቃውን ትንሹን መረጠች።

በማግስቱ ሁሉም ተገጥሞ፣ ውጭ እያካፋ፣ እኔና እህቴ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠናል። ዓይኗ ከደከመ የቆየው እናታችን አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። ስዊቹ ትንፍሽ አይልም። የበሩ ካሜራ ባዶ መንገድ ያሳያል።

"ታናሽ ወንድማችሁ መጣ፣ ክፈቱለት" አለች እማዬ። "ጫማው ውሃ ገብቶበታል።"

ስክሪኑ ላይ ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የወንድማችን ጃንጥላ በጥግ በኩል ብቅ አለ።

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በር ሳላላጋ ወጥቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ልከፍትለት ሄድኩ።