ጠብቋል ወይስ ጠብቋል

አዲሷ ኮፒሊያ ከግራሶ ጣሳው ክዳን ላይ አልተነሳችም። ጣት የማታክል ሽቦ ናት፤ የመሪው ዳዶ ከጠበቀ በኋላ እንዳይላላ በብሎኑ ቀዳዳ ትገባና ጫፏ ይታጠፋል። የጀልባ ጠጋኟ ሴትዮ ያየቻት ግን ጀልባዋ ሃያ ሁለት ሰው ጭና ከተነሳች በኋላ ነው። መሪውን የያዘችው ደግሞ የገዛ ልጇ።

በጋራዡ "ምናልባት" እያሉ ነው የሚጠሯት። ለእሷ ገመድ ሁሉ ሊበጠስ፣ ጀልባ ሁሉ ሊሰጥም አንድ ሐሙስ የቀረው ነው። ጠዋት መለዋወጫ ልትገዛ ስትወጣ፣ የቸኮለው ተሳፋሪ አናጢ ትቷቸው እንዳይሄድ እየሰጋች፣ ዳዶውን እንዲያጠብቅ ለታናሽ ወንድሟ አደራ ሰጥታ ነበር። ልቧ አላርፍ ሲላት በስልኳ "ጠብቋል?" ብላ ጻፈችለት። "ጠብቋል" አላት። ተመልሳ የጥገና መዝገቡ ላይ ፈረመች።

አሁን ክዳኑን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

"ጠብቋል አላልከኝም?"

"አናጢው ነዋ! ትቶን እንዳይሄድ ስትጨነቂ አልነበር? ቁጭ ብሎ ጠብቋል አልኩሽ።"

ላልቶ ሲነበብ ዳዶ፣ ጠብቆ ሲነበብ አናጢ። ዳዶውንማ ጨርሶ ረስቶታል።

ለቁጣ ጊዜ አልነበራትም። የምትለውን አሳምራ ታውቃለች፤ ሞተሩን ቀንሺ፣ በኃይል አትጠምዝዢ፣ ተመለሺ። ደወለች። ልጅቷ ቀደመቻት።

"መጣሁ እኮ፣ እማ። ጥልቁ ጋ ሳልደርስ ግራ ቀኝ ሞከርኩት፤ መሪው አራት ጣት ያህል ባዶውን ዞረ። ከሁለት ካለፈ ተመለሺ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ጀልባዋ ቀስ ብላ ተጠጋች። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ከሁሉም የአናጢው ድምፅ በለጠ። እናትየው ማንንም ሳትሰማ ከጀልባዋ ኋላ በደረቷ ተኛች። ዳዶው በሁለት ጣቷ ዞረ። አንዴ ብቻ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በመፍቻ አጠበቀችው፤ ኮፒሊያዋን ከታ ጫፏን አጠፈች። ልጅቷ መሪውን ስትነካው ውሃ ውስጥ ያለው ክንፍ እኩል ተነቃነቀ። እናትየው አሥር ጊዜ ግራ፣ አሥር ጊዜ ቀኝ አስዞረቻት። አናጢው ይሄ ሁሉ ለአንዲት ሽቦ ነው ወይ ሲል፣ በርህን ያለ ማጠፊያ ትሰቅላለህ ወይ አለችው።

ጀልባዋ ሄዳ፣ ሰውን አድርሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰላም ተመለሰች። እናትየው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈች፦ "ከዛሬ ጀምሮ 'ጠብቋል' አይባልም። ዳዶው በኮፒሊያ ታስሯል ይባላል።"

"እታለም፣ ታስሯል ስልሽ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ትሮጫለሽ" አለ ወንድሟ።

ልጅቷ ሳቀች። እናትየውም ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ግን መዝገቡን ገልጣ የጠዋቱን ፊርማዋን ሰረዘችና፣ በእጇ የነካችውን ብቻ ጽፋ እንደገና ፈረመች።

ሦስቱም ወጡ። ወንድሟ የጋራዡን በር ገፍቶ ቁልፉን አዞረ። እሷ እንደ ልማዷ ከኋላው ቆማ፣

"ጠብቋል?" አለች።

"ማን? በሩ ወይስ እኔ?"

እጀታውን ይዛ ሁለት ጊዜ ሳበችው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም።