ድልድዩ ላይ ቀስ

"ጋሼ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ለምንድነው ሁሌ ፍጥነት የሚቀንሱት?" አለች መሐንዲሷ ከኋላ ወንበር ሆና፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ።

ሾፌሩ በመስታወት አይቷት ፈገግ አለ። "ምስሉ እዚህ ጋ ነው የሚያስቸግረኝ ብለሽኝ የለ? እንዳይቆረጥብሽ ብዬ ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው የማደርገው፣ ልጄ።"

ክው አለች። ሥራዋ አምቡላንስ ውስጥ የተኛን በሽተኛ ሆስፒታል ያለ ሐኪም በቪዲዮ እንዲያየው ማድረግ ነው። መኪናው ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ሲሻገር ምስሉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከማዕከል የሚያዘው እሷ የጻፈችው ፕሮግራም ነው። አርባ ጊዜ ሞክረውት አንዴም አልተቆረጠም። ይህንንም ለአለቃዋ ደረቷን ነፍታ ነግራዋለች፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለሐኪሞቹ ሊያስረክቡ ነው። ለካ አርባውንም ጊዜ ያዳናት የሰውየው ደግነት ኖሯል። በሽተኛ ጭኖ ድልድይ ላይ የሚያዘግም አምቡላንስ ደግሞ የትም አይገኝም።

"ይመለሱና እንደ አምቡላንስ ይንዱልኝ።"

"ቢቆረጥስ?"

"ይቆረጣ።"

ተቆረጠ። ድልድዩ መሃል ላይ ምስሉ አራት ሰከንድ ሙሉ ደርቆ ቀረ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። "እኔ እኮ ልረዳሽ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ጥግ ያስይዙልኝ።"

ላፕቶፑ ላይ የተመዘገበውን ሰዓት አየች። ጥፋቱ የራሷ ነበር፤ ፕሮግራሙ ምስሉ ወደ ሁለተኛው አንቴና የሚሻገርበትን መንገድ ማዘጋጀት የሚጀምረው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ነው። ቀስ ካሉ ይደርሳል፣ ከፈጠኑ የመጀመሪያው አንቴና ቀድሞ ይጠፋል። እንግዲህ መንገዱ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ገና ከመታጠፊያው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ግማሽ ሰዓት አቀርቅራ ጻፈች።

"በሉ እንግዲህ፣ እንዳይራሩልኝ።"

ሾፌሩ አልራራላትም። መኪናው ድልድዩን በአንድ ትንፋሽ አለፈው፤ ምስሉ ለአፍታም አልተቆረጠም።

"ይኸው!" አለ ሾፌሩ መሪውን መታ እያደረገ። "አርባ አንድ ሞላልሽ።"

ስልኳ ጠራ፤ አለቃዋ ነበር። "ሐኪሞቹ ገብተዋል፣ የሙከራውን ውጤት ላኪልኝ እንጂ። ስንት ደረሰ?"

በቀስታ የተሞከሩትን አርባ መስመሮች ላፕቶፑ ላይ ካለው የውጤት ሰንጠረዥ ባንዴ አጠፋቻቸው።

"አንድ" አለችው። "ሐኪሞቹን ይዘዋቸው ይምጡ፤ ሁለተኛውን ሙከራ መኪናው ውስጥ ሆነው ይዩት።"