የብረቱ ወገን

«ይሄ የእርጎ ማንኪያ ነው!» አለ ሐብተማርያም፣ ዋቁማ የዘረጋለትን ፕላስቲክ መለሰኛ ሳይነካው። «በዚህ ግድግዳ አይለሰንም። ሕፃን ይመገብበታል እንጂ።»

«መጀመሪያ ይያዙትና ከዚያ ይስደቡት። ጋሼ፣ ቅለቱን ይዩ እስቲ። ላባ ነው እኮ፤ እጅ አያደክምም።»

«እጄ ደከመኝ ብዬሃለሁ?»

«አላሉኝም።»

«እንግዲያው ለደከመው ስጠው።»

ክርክሩ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ዋቁማ ነገር የሚያረዝም ሰው አልነበረም፤ ጋሼ ካሉ አለቀ ባይ ነው። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጠዋት ልብስ ሲቀይሩ ፕላስቲኩን ያነሳል፣ ምሳ ሲበሉ ያነሳል፣ ያውም ልመና በሚመስል ድምፅ።

«ብረት ነጩን ልስን ያጠቁረዋል» አለ አሁን ደግሞ። «ትንሽ ከደጋገሙት እንደ እርሳስ ይጭርበታል። በፕላስቲክ ግን አሥር ጊዜ ቢመላለሱበት ንጹሕ ነው።»

«ግድግዳ የሚያጠቁረው ብረት አይደለም። መቼ ማቆም እንዳለበት የማያውቅ እጅ ነው።»

ዋቁማ አጎንብሶ ባልዲውን ያማስል ጀመር።

ቤቱ ፊሊፕስ በሚባል የሰው አገር ሰፈር ውስጥ ነው፤ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ግድግዳው ከጀርባው በቀጫጭን እንጨት የተረበረበ አሮጌ ቤት። የገዛችው ዱረቲ የምትባል ነርስ እንደ ዘመኑ ሰው ቦርድ አስለጥፋ ከመገላገል ይልቅ እንደ ጥንቱ ይለሰንልኝ አለች። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ እያለቀ ነው። ሐብተማርያም ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አርባውን በልስን አሳልፏል። ዋቁማንም ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከመኪና እጥበት አውጥቶ መለሰኛ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው።

የእሱ መለሰኛ ብረት ነው። ከሥራ ብዛት ወርዱ ሁለት ጣት ያህል ተበልቷል፤ የእንጨት እጀታውም የመዳፉን ቅርጽ ይዟል። አንድ ቤት ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ያ መለሰኛ ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ታጥቦ ባልዲው አጠገብ ያድራል። ሥራ ሳያልቅ ዕቃ ይዞ መውጣት ሥራውን እንደ መተው ነው ይላል ሐብተማርያም። ደግሞም ብረት ይናገራል ይላል። ልስኑ ርጥብ ሳለ ዝም ይላል፤ ሊጠና ሲል ማፏጨት ይጀምራል፤ ማለስለስ ያን ጊዜ ነው። «ያንተ ፕላስቲክ ዲዳ ነው» ይለዋል ዋቁማን።

ዛሬ ክርክሩ የከረረው ጅሬኛ ስለሚመጣ ነው። ጅሬኛ ሥራ የሚያመጣላቸው ኮንትራክተር ነው። ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ውስጥ ጣሪያው በልስን አበባና ሐረግ ያጌጠ ትልቅ አሮጌ አዳራሽ ሊታደስ ነው፤ ማጠናቀቂያውን የሚይዝ አንድ ሰው ይፈለጋል። «ማን ፊኒሽ እንደሚያደርግ የዱረቲን ቤት አይቼ እወስናለሁ» ብሎ ነበር። ሐብተማርያም ለማንም አይንገር እንጂ፣ ሥራ ከማቆሙ በፊት አንድ ጊዜ እንደዚያ ካለ ጣሪያ ሥር መቆም ይመኝ ነበር።

«እሺ እናወዳድር» አለ። «ከመስኮቱ እስከ መሃል እኔ በብረቴ፤ ከመሃል እስከ በሩ አንተ በዚህ ጉድህ። ጅሬኛ ይፍረደን።»

«ጋሼ፣ ይቅርብን» አለ ዋቁማ ቶሎ ብሎ።

«ፈራህ?»

«አዎ፣ ፈራሁ።»

ሐብተማርያም ከልቡ ሳቀ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ቆሞ ጠጣ። ሚስቱ ባየሽ ከመስከረም ጀምራ ኩባያውን እስከ ግማሹ ብቻ ነበር የምትሞላለት። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ለራሱ ሲቀዳም ግማሹ ላይ ማቆም ለምዷል።

ጎን ለጎን ሠሩ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ እንደ ድሮው ትንፋሻቸው እንኳ ገጠመ። ብረቱ ዝም ብሎ ቆየና ማፏጨት ጀመረ። ሐብተማርያም ዓይኑን ጨፈን አድርጎ እያዳመጠ፣ ክንዱን ከላይ እስከ ታች ሳበው። ደስ ብሎት ነበር።

ጅሬኛ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። «ሰዎች፣ ድምፃችሁ ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤት ድረስ ይሰማል አለችኝ ዱረቲ! በፕላስቲክ ነው የተጣላችሁት? በፖለቲካ ብትጣሉ ይሻል ነበር፤ እሱ እንኳ ወግ አለው።»

«ና ፍረድ» አለው ሐብተማርያም። «ብርሃኑ ራሱ መጥቶልሃል።»

የጥር ፀሐይ ዝቅ ብላ ነበር። ለሳኝ ግድግዳን ፊት ለፊት አያይም፤ ብርሃን በጎን እንዲመታው አድርጎ ነው የሚያየው። አሁን ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳውን ታክካ ዘለቀች። ከመሃል እስከ በሩ ያለው እንደ ረጋ ወተት ነበር። ከመስኮቱ እስከ መሃል ያለው ግን ሞገድ ነበረበት። ትልቅ አይደለም፤ ነፋስ ሽው ያለበት ኩሬ ያህል። ጥቃቅን፣ ተከታታይ፣ እኩል እኩል የተራራቀ፣ ክንዱ በሄደበት ሁሉ አብሮት የሄደ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ ጅሬኛ በጥድፊያ። ቀጥሎም ዋቁማን አየው።

«ከሥር ያለው እንጨት ላልቷል» አለ ሐብተማርያም። «የቤቱ ጣጣ ነው። ፎቅ ላይ ያለውን መኝታ ቤት እየው፤ ዓርብ ዕለት በዚሁ ብረት የጨረስኩትን። መስታወት ነው።»

«አይቼዋለሁ ጋሼ።»

«ደግመህ እየዋ!»

«ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ዕቃ ተከምሯል፤ ይቅር…» አለ ዋቁማ።

ሐብተማርያም ብቻውን ወጣ።

መኝታ ቤቱም ያችው ፀሐይ ገብታበታለች። ግድግዳው እንከን የለውም። ትንፋሹን ለቀቀ። የታችኛው በእርግጥ የእንጨቱ ጣጣ ነው ማለት ነው። ጅሬኛን ልጠራው ብሎ ሲዞር ዓይኑ ጥጉ ላይ አረፈ።

እሱ ጥግ ሲደርስ የብረቱን ጫፍ አስገብቶ በአንድ ጉተታ ይዘጋዋል፤ ጥጉ እንደታጠፈ ወረቀት ስል ሆኖ ይቀራል። አርባ ዓመት እንዲህ ዘግቷል። ይህኛው ጥግ ግን ጣት የሄደበት ይመስል ጎበጥ ያለ ነበር። የሚታጠፍ ነገር ጥግ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል። ብረት የሚተወው ስስ ግራጫ ወዝም የለም። ተንበረከከ። ከወለሉ አጠገብ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይኛው ስስ ሽፋን ሳይደርስበት ቀርቷል። ጣቱን አሳለፈበት። ሞገዱ እዚያ ነበር።

«ዕቃውን እኔ አጥባለሁ ጋሼ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።» ዋቁማ ይህን ማለት የጀመረው መቼ ነው? ከዚህ ቤት በፊት ነው። ሪችፊልድ የሚባል አካባቢ ሲሠሩም ይለው ነበር። እዚያ አንዲት ባልቴት ያለቀ ግድግዳቸውን ዳስሰው «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብለው መርቀውት፣ ለባየሽ ሳይቀር አውርቶላት ነበር። የማንን እጅ ነበር የመረቁት? ዋቁማ ሦስት ልጆች አሉት፤ እነሱ እራት ሲጠብቁት እሱ የሌላ ሰው ግድግዳ ሲደግም ነበር።

ሐብተማርያም ቁጣ ፈለገ። ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተመለከተው። አርፎ የተቀመጠ እጅ ይመስላል፤ ትንሽ ሲቆዩ ግን አውራ ጣቱ ገንዘብ የምትቆጥር ይመስል ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች።

ከታች የጅሬኛ ድምፅ መጣ። «እስከ መቼ ነው? ንገራቸው እንጂ።»

«አልችልም። መለሰኛ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው፤ በየትኛው አፌ? ፕላስቲኩን ቢይዙልኝ፣ እሱ ይታጠፋል፣ ትንሽ ትንሹን ይሸፍንላቸዋል ብዬ ነበር።»

ሐብተማርያም ተነሣ። እንዲሰሙት እግሩን ጠንከር አድርጎ እየረገጠ ደረጃውን ወረደ።

«ተሸንፌያለሁ» አለ። «ፕላስቲኩ ይሻላል።»

ዋቁማ ቀና አለ። «እውነትዎን ነው?»

«ምን እዋሻለሁ፤ ግድግዳው ይኸው። ከመስኮቱ በኩል ያለውንም ሳይጠና አንተው ድገመው። ጥግ ላይ ብቻ አትመነው። ፕላስቲክ ጥግ አይዘጋም። ሴንት ፖል ጥግ ይበዛዋል፤ እዚያ ብረት ያዝ።»

«ይኼ ነው ጋሼ!» አለ ጅሬኛ ፊቱ እየፈካ። «እርስዎም አብረውን ነዎት፣ አይደል?»

«እናያለን።»

«ነገ አንድ ሌላ ይዤልዎት እመጣለሁ» አለ ዋቁማ፤ ድምፁ ውስጥ የልጅ ደስታ ነበረ። «ሰፋ ያለውን። ያን ጊዜ ብረት ማየትም አይፈልጉም!»

መሰላሉን ወደ መስኮቱ ጎትቶ ወጣ፤ ዲዳው ፕላስቲክ በሞገዱ ላይ ያለ ድምፅ ይሄድ ጀመር። ጅሬኛ ስለ አዳራሹ ጣሪያ ከፍታ አነሳ፤ ዋቁማ ያለን መወጣጫ አይበቃም አለ፤ ጅሬኛ ይበቃል አለ።

ሐብተማርያም ጓዳ ገብቶ ውሃ ከፈተ። ብረቱን አጠበው፣ ጠርዙን በጣቱ አስሶ የተጣበቀውን ፈቀፈቀ፣ ዝገት እንዳይዘው በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ አሸው። በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ ከፔርሙዙ አጠገብ ቦርሳው ውስጥ አስገባው። ካፖርቱን ለበሰ። የደረቱን ቁልፎች ለመቆለፍ ጊዜ ወሰደበት።

«ጋሼ፣ ዕቃውን ይተዉት፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለ ዋቁማ ከመሰላሉ ላይ ሳይዞር። «አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።»

«እሺ» አለ ሐብተማርያም።

ብርዱ ርጥቡን ግድግዳ እንዳይነካው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ውስጥ ሁለቱ ስለ መወጣጫው ቁመት አሁንም ይከራከሩ ነበር።