የሠርግ ፍራሽ

ጃቢር ለሠርጉ የገዛውን ፍራሽ አናቱ ላይ ጭኖ ከሞያሌ ገበያ ሲወጣ፣ ከናይሮቢ የመጣ ፎቶ አንሺ ደጋግሞ አነሳው። በሳምንቱ የፎቶ አንሺው ጋዜጣ «ከጦርነት የሸሸ» ብሎ አወጣው። ጃቢር ያን ቀን የተዋጋው ከፍራሽ ነጋዴው ጋር ብቻ ነው።

የእጮኛው የኑርሀን አባት ሐጂ መሐዲ ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁት።

«ልጄን ለሸሸ ወንድ አልድርም።»

«ሐጂ፣ ፍራሹ እኮ የኑርሀን ነው።»

«ፎቶው ላይ ትሮጣለህ።»

«ፀሐዩ አቃጥሎኝ ነዋ። ደሞስ ሸሽቼ ቢሆን፣ ፍራሽ ያልጣልኩ ሰው ሚስት እጥላለሁ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጺማቸው ደብቀው ልጅቷን ዳሩለት።

ፎቶ አንሺው ሽልማት አገኘ አሉ። ጃቢር ያገኘው ስም ነው፤ ሞያሌ እስከ ዛሬ «ስደተኛው» ይለዋል፤ እዚያው ፍራሽ ላይ የተወለዱትንም «የስደተኛው ልጆች»።