ስድስቱ የብርጭቆ ማስቀመጫዎች

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ «ባለሙያ» እንላታለን። እሷ እጅ የገባ ነገር አይጣልም፤ ክር ቢሆን፣ ቁልፍ ቢሆን፣ ሐሜት ቢሆን። ሰሞኑን ደግሞ ከደረጃችን ግድግዳ የሚረግፈውን ሴራሚክ እየለቀመች የብርጭቆ ማስቀመጫ መሥራት ይዛለች። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፤ ከስጦታ መጠቅለያ የቆረጠችውን አበባ በኮላ ለጥፋ ቫርኒሽ ትቀባዋለች፤ ጠረጴዛ እንዳይፍቅ ከሥሩ የአሮጌ ኮት ቁራጭ።

እሁድ ከሰዓት «ነይና እዪልኝ» ብላ ጠራችኝ። ስገባ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።

«ምነው፣ በሩም ጠገበ?»

«ከሐሙስ ወዲህ እንዲህ ነው እትዬ። እንጨቱ አብጦ ይሆናል።»

እናቷ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል፤ እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ባለሙያ አንዱ ማስቀመጫ ላይ ብርጭቆ አድርጋ ውሃ ቀዳችልኝ።

«ጎበዝ» አልኳት። «ኮላውን በአንድ ወገን አፍስሰሽው ውሃው አዘንብሏል።»

እውነትም ውሃው በበሩ በኩል ከፍ ብሏል። ከንፈሯን ነክሳ ብርጭቆውን ወደ ሁለተኛው አዛወረችው። አሁንም በበሩ በኩል። ስድስቱንም ሞከርን። እየሳቅሁ የመጨረሻውን ማስቀመጫ አዞርኩት፤ ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ውሃውም ወገን ይቀይር ነበር። አልቀየረም። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። በበሩ በኩል።

ያዘነበለው ወለሉ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ባሌ ግንበኛ ነበር። «አንድ ሴራሚክ ቢወድቅ ማጣበቂያው ነው፤ ሲደጋገም ግን ግድግዳው ነው፤ ጫማህን አድርገህ ውጣ» ይል ነበር።

«እነዚህን መቼ መቼ ለቀምሻቸው?»

«የመጀመሪያዋን ባለፈው ወር። አምስቱን...» ድምፅዋ ቀጠነ። «ከሐሙስ ወዲህ።»

ደረጃው ላይ አንድ ነገር ወድቆ ተከሰከሰ።

በሩን ጎተትን። ንቅንቅ አላለም። በመስኮት ብንጣራ መንገዱ ጭር ብሏል።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ እናቷ።

«ምንም እማዬ፣ በሩን እየጠገንን ነው።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

የጨርቅ መቀሷን በበሩና በመቃኑ መሃል ከትቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ጣት የምታህል ቀዳዳ ስትከፈት፣ መልሶ እንዳይገጥም ባለሙያ አንድ ማስቀመጫ ወሸቀችበት። ደግመን ጎተትን፤ ሁለተኛውን ደረበች። ሦስተኛው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ልቤም አብሮት። አራተኛው ላይ በሩ ጮኾ፣ ሰው ያዘለ የሚያሳልፍ ያህል ተላቀቀ።

እናቷን አዘለቻቸው። እኔ ከኋላ እየደገፍኩ ያገኘሁትን በር ሁሉ እየደበደብኩ «ውጡ» እላለሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ነው። ሴራሚኩ ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ከላይም እየረገፈ ነው። ደረጃው አያልቅም።

መንገዱን ተሻግረን አሮጊቷን አጥር ሥር አስቀመጥናቸው። ጎረቤቱ ገሚሱ በካልሲ፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ ወጥቷል። ቆጠርን፤ ማንም አልጎደለም። ሕንፃው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እንዲያው ተዋረድን እኮ» አለች ባለሙያ።

ያኔ የደረጃው ግድግዳ ወደ ውጭ ተነፋና ከላይ እስከ ታች ወረደ። አቧራው መጥቶ ሸፈነን።

አቧራው ሲገለጥ ቀኝ እጇን አየሁት። አምስተኛውን ማስቀመጫ ጨብጣለች። ልቀቂው ብላት ጣቶቿ እምቢ አሏት፤ አንድ በአንድ እኔ ነኝ የፈታኋቸው። አልቀለድኩባትም።