ባለ መስተዋቱ በር

ኤሌኒ የተላከችው ባዶ ቤቶችን መዝግባ እንድትመጣ ነበር። ጊዜው ጥቅምት 1971 ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ወዲህ ባለርስቶች ጥለዋቸው የሄዱ ቪላዎችና ጎተራዎች ከመካኒሳ ማዶ እስከ ለቡ ተበታትነው ቀርተዋል። መሥሪያ ቤቷም እያንዳንዳቸው ተለክተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ቅጽ ተሞልቶላቸው ይምጡ ብሏል። ላንድሮቨሩ ሀና ማርያምን ሳያልፍ ጭቃ ያዘው። ኤሌኒ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በእግሯ ቀጠለች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሁንዴሳ ጉብታው ሥር ቆመው ጠበቋት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጓድ!»

«ኤሌኒ ይበሉኝ፣ አባባ።»

«እሺ፣ ጓድ ኤሌኒ።»

ቪላው ዘጠኝ ክፍል ነበረው። ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ።

«እነዚህስ?»

«ጥበቃ ላይ ናቸው» አሉ አቶ ሁንዴሳ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ክፍሎቹን ለክታ ስትጨርስ ቅጹ ላይ «በር» የሚለው መስመር ደረሰ። ዋናው በር የለም፤ በቦታው ሰማይ ይታያል።

«በሩስ?»

«ነፋስ ወሰደው።»

«ከነመቃኑ?»

«የዚህ አገር ነፋስ ኃይለኛ ነው» ብለው ወደ ፍየሎቹ ዞሩ።

ኤሌኒ «የለም» ብላ ጻፈች። ቁልቁል ሲመለሱ ግን፣ ጎመን የተተከለበት ጓሮ ጥግ፣ አንዲት የጭቃ ቤት አየችና ቆመች። በሯ ባለ ሁለት ተከፋች፣ ቀይና አረንጓዴ መስተዋት ያለው፣ የተጠረበ ወፍራም እንጨት ነው። በሩ ከግድግዳው ስለሚረዝም ጣሪያው እዚያ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን እንዳዘነበለ ሰው ከፍ ብሏል። አቶ ሁንዴሳ ያስላቸው ጀመር። የሕዝብ ንብረት ነካ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁለቱም አላጡትም።

በሩ ተከፈተና ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አጭር ሴት ብቅ አሉ። ወይዘሮ ገዲሴ ይባላሉ። ካሜራውን አይተው አልደነገጡም።

«በሩን ልታዪ ነው? ግቢ፣ ከውስጥ ሲያዩት ይበልጥ ያምራል።»

እውነትም ያምራል። ፀሐይዋ በመስተዋቱ ገብታ ወለሉን ቀይና አረንጓዴ አድርጋዋለች።

«ባለቤቴ ጭሰኛ ነበር» አሉ ወይዘሮ ገዲሴ። «እሱ ሲሞት መሬቱን እንዳይነጥቁኝ ብዬ እዚህ በር ፊት ሦስት ክረምት ደጅ ጠናሁ። ሲዘንብብኝ እንኳ ግቢ ያለኝ የለም። ጌቶቹ ሲሄዱ ሰዉ አልጋውንም ሳህኑንም ተሻማ። እኔ በሩን ብቻ ስጡኝ አልኩ። አራት ወንድ ነው የተሸከመልኝ።» ወደ ውጭ አዩ። «አንዱ ሁንዴሳ ነው።»

አቶ ሁንዴሳ ሰማዩን ይመለከታሉ።

«አሁንስ በሩን የሚያንኳኳ አለ?» አለች ኤሌኒ።

«ሞልቶ! እኔም ቶሎ ነው የምከፍተው።»

ኤሌኒ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዛት። አይቶ እንዳላየ መሆን ይቻላል፤ ግን ሌላ ሰው መጥቶ ቢያየውስ? በርጩማ ላይ ተቀመጠችና «የለም» ያለችውን ሰርዛ እንዲህ ጻፈች፦ «በሩ ከሕንፃው ተነሥቷል። በማኅበሩ አባል እጅ ተጠብቆ፣ በጥሩ ሁኔታ በማገልገል ላይ ይገኛል።» ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አቶ ሁንዴሳ ማኅተማቸውን አውጥተው፣ ለማንኛውም ብለው፣ ሁለት ጊዜ መቱበት። ከዚያ ወይዘሮ ገዲሴን በሩ ፊት አቁማ ፎቶ አነሣቻቸው።

በሳምንቱ አለቃዋ አቶ ነጋ አስጠሯት። ፎቶውን ከመነጽራቸው ሥር አቅርበው ያያሉ።

«ይሄ ‹በማገልገል ላይ› ያልሽው?»

«በር ነው፣ ጋሼ።»

«አስነቅለን ብናመጣው የት እናደርገዋለን?»

«መጋዘን።»

አቶ ነጋ ትንሽ አሰቡ። «የኛ መጋዘን ራሱ በሩ ከተሰበረ ዓመቱ» አሉና ሳቁ፤ ፈረሙም። ኤሌኒ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ የፎቶውን አንድ ቅጂ ይዛ ለቡ ወረደች። ወይዘሮ ገዲሴ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ተቆጧት።

«ምነው፣ ነጠላሽን አስተካክዪ ብትዪኝ ኖሮ!»